ቁማር የተባለው ትምህርት

ባለቤቴ ደረጀ ከመሞቱ በፊት መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ መጋረጃ መስቀል ነው። የነሐሴ ቅዳሜ ነበር። የሳሎናችን መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከቀትር በኋላ ሶፋው ላይ መቀመጥ አይቻልም። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ዘንጉን ይዣለሁ፤ እሱ ታች ቆሞ ያዝዛል።

"ትንሽ ወደ ግራ።"

"የማን ግራ?"

"የመጋረጃው።"

"መጋረጃ ግራና ቀኝ አለው እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?"

"የሌለው ነገር የለም። ገቢ በግራ፣ ወጪ በቀኝ እያልኩ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ለማን መሰለሽ?"

እየሳቅን ዘንጉ ተንጋዶ ተሰቀለ። "ይሁን፤ ፀሐዩን ከከለከለ ይበቃል" አለና መዳፎቹን አንዴ አጨብጭቦ፣ ገለባብጦ አሳየኝ። ይህ ከሥራው የመጣ ልማድ ነው። ደረጀ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አከፋፋይ ነበር። አከፋፋይ ከጠረጴዛ ሲነሣ እጁ ውስጥ ምንም እንዳልደበቀ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ እንዲህ አድርጎ ማሳየት አለበት። እሱ ግን የትም ያደርገው ነበር፤ ሳህን አጥቦ ሲጨርስ፣ ጎማ ቀይሮ ሲነሣ፣ አንድ ጊዜም ቀብር ላይ አፈር ካለበሰ በኋላ። ያኔ በክርኔ ጎሸም ሳደርገው "ወይኔ፣ አምልጦኝ ነው" ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሥራ ቦታው፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። እኔ በምሠራበት ሆቴል አንሶላ እየቀየርኩ ነበር። የደወለችው ሴት ስሙን መጥራት አቅቷት ሦስት ጊዜ ሞከረች። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምዱን እንደገና ሊጀምር አንድ ሳምንት ነበር የቀረው። ልምምዱን ሲጨርስ ዲግሪውን ይይዛል፤ ዲግሪውን ሲይዝ የንግድ ሥራ ትምህርት መምህር ይሆናል።

እንደገና የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ቃል ነው። የምጽፈውም ቀስ ብዬ ነው፤ ስናደድ እጄ ፊደሉን ያበላሽብኛል።

ደረጀን ያወቅሁት አሰላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንግድ ሥራ ያስተምር ነበር፤ ሒሳብ አያያዝ፣ የንግድ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ስለ ሽርክና፣ ስለ ኪሳራ። ሌሎቹ መምህራን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስገለብጣሉ። እሱ ተማሪዎቹን ገበያ ይዞ ይወርድና እያንዳንዱ አንድ ነጋዴ አጠገብ ተቀምጦ እንዲውል ያደርጋል። አንድ ቀን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት "ተማሪ ገበያ ምን ይሠራል?" ብሎ ጠየቀው። "ሐኪም የሚማረው ሆስፒታል አይደል እንዴ?" አለ። ገበያ መውረዱን አልተወም።

ዲቪ ደርሶን ስንመጣ የአሰላ ዲፕሎማው እዚህ እንደማይቆጠር ነገሩት። ካርድ ማከፋፈል ተማረ። ጣቶቹ ፈጣን ነበሩ፤ ቲፑም ደህና ነው፤ ልጃችን ሕሊና በዚያ አደገች፣ በዚያ ተማረች። ፋርማሲ ገብታ ሥራ ይዛ፣ ሄንደርሰን የራሷን ቤት ስትከራይ፣ ዕቃዋን አድርሰን እየተመለስን መኪና ውስጥ "አሁን የእኔ ተራ ነው" አለኝ።

"የምን ተራ?"

"የመማር። ለማስተማር።"

ከሥራ ሲወጣ የሚቀመጥበት የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት አለ። ወሬው እዚያ ሲደርስ ያሾፉበትን ነገር እየሳቀ ነበር የሚነግረኝ።

"ደረጀ፣ ከቲፕ ወደ ጠመኔ ልትወርድ ነው አሉ።"

"ጠመኔ የሚባል ነገር እዚህ የለም። ስክሪን ነው።"

"በዚህ ዕድሜህ ደብተር ይዘህ ከልጅ ልጆችህ ጋር ልትሰለፍ?"

"ደብተርም የለም። ላፕቶፕ ነው። አንተ በምን ታውቀዋለህ፤ ከመጣህ ጀምሮ የትምህርት ቤት በር ረግጠህ አታውቅ።"

እኔም እንደነሱ ነበር የማስበው፤ ባልናገረውም። ካርድ ማከፋፈሉ ምን ጎደለው? አንድ ቀን ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና "ዜኒ፣ የኔ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ከኔ ሲለይ ከመጣበት ያነሰ ሆኖ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ ፈገግ ብዬ መልካም ዕድል እለዋለሁ። ይሄን እያልኩ ማርጀት አልፈልግም" አለኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም።

ለዓመታት በሥራና በኮሌጅ ትምህርት መካከል እንደ ኳስ ተንከባለለ። ትምህርቱን የሚለማመደው በእኔ ላይ ነው። ጎመን ስከትፍ አጠገቤ ይቆማል።

"የጎመን ዋጋ እጥፍ ቢሆን ትገዣለሽ?"

"ጎመን ካስፈለገኝ እገዛለሁ።"

"ሦስት እጥፍ ቢሆንስ?"

"ጾም ነው ወይስ ፍስክ?"

ይህን መልሴን ለፕሮፌሰሩ ነግሮት ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ተወያዩበት ብሎኛል። ዋጋ ብቻ ሳይሆን ጾምም ገበያ ያንቀሳቅሳል የሚለው መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም አሉ። ውሸቱን ይሁን እውነቱን አላውቅም፤ ደስ እንዲለኝ ብሎም ሊሆን ይችላል።

አሁን ፍሥሐን ማስተዋወቅ አለብኝ። ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን ያለ እሱ ነገሩ አይገባም።

ፍሥሐ እንደኛው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከእኛ ቀድሞ መጥቶ እዚህ ተምሮ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆኗል። ከደረጀ ጋር ወንድማማች ነበሩ ማለት ይቻላል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ በአንድ ዕቁብ ውስጥ ነን። ሮድስ ራንች ውስጥ ያለውን ቤቱን ሊገዛ ባንኩ ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቀው፣ የዚያ ወር ዕጣ የወጣው ለደረጀ ነበር። ደረጀ ዕጣውን ለቀቀለት። እንዲህ ዓይነት ነገር በዕቁብ የተለመደ ነው፤ የባሰበት ሲኖር ይለቀቅለታል። ቤቱ ሲመረቅ ቁልፉን እያሳየን "ይህ ቤት የደረጀም ነው" ብሎ የተናገረው ራሱ ፍሥሐ ነው። ያን ቀን የበላሁት ዶሮ አሁን ድረስ ይተናነቀኛል።

ኮሌጁ ደረጀን ለልምምድ የመደበው ፍሥሐ በሚሠራበት ትምህርት ቤት ነበር። ሁለታችንም እግዜር ያመቻቸው ነው አልን። ደመወዝ የሌለው ሙሉ የሥራ ቀን ነው፤ ካዚኖውን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛውሮ፣ ለሕሊና ምረቃ የገዛውን ሱፍ ለብሶ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ተማሪውን ሁሉ ይጨብጣል። ስሙን መጥራት ስለከበዳቸው ሚስተር ዲ አሉት። ከካዚኖ መምጣቱን አልደበቃቸውም፤ ያን የእጁን ነገር እንኳ ወደዱለት፤ ደወል ሲደወል ክፍሉ በሙሉ አጨብጭቦ መዳፉን እያሳየው ይወጣ ነበር።

ትምህርቱ ብድርና ቁጠባ ላይ ሲደርስ፣ ባንክ ፊት የማይሰጠው ሰው ምን ያደርጋል የሚለውን ሊያስተምራቸው ፈለገ። በዕቅዱ ላይ ጻፈ፤ የክፍሉ ባለቤት የሆነችው መምህርት አንብባ ፈረመችበት። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፓኮ ብስኩት ያመጣል። ስማቸው በወረቀት ተጽፎ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል። ስሙ የወጣለት የሳምንቱን ብስኩት በሙሉ ይወስዳል፤ የወሰደ ግን ሁሉም እስኪደርሰው ድረስ ማምጣቱን አያቋርጥም። ዋስም መጥራት አለበት።

ማሪሶል የምትባል ልጅ መጀመሪያውኑ እጇን አወጣች። "ሚስተር ዲ፣ ይሄ እኮ ታንዳ ነው። አያቴ ቤት ሁልጊዜ አለ።" ከኋላ አንድ የፊሊፒንስ ልጅ "እኛ ጋ ፓሉዋጋን ነው የሚባለው፤ እናቴ መኪናዋን የገዛችው በሱ ነው" አለ። ደረጀ ቤት መጥቶ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር።

"እኔ አዲስ ነገር ያመጣሁላቸው መስሎኝ። ለካ ሁላቸውም ቤታቸው አለ፤ ትምህርት መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ብቻ ነው ያጡት።"

አንዱ ልጅ ከወሰደ በኋላ ማምጣት አቆመ። የጠራው ዋስ ግን ተነጫንጮም ቢሆን ሁለት ፓኮ ይዞ መጣ። የዚያን ቀን ደረጀ በር ሳይዘጋ ነው ወደ ኩሽና የገባው። "ዜኒ፣ ዋሱ ከፈለ። ማንም ሳያስገድደው። ይሄን በስንት መጽሐፍ ታስተምሪዋለሽ?" ከዚያ ቆሞ ድስቱ ውስጥ እጁን ሰደደ፤ እኔም መታሁት።

ከተማሪዎቹ አንዱ ግን ቤቱ ሄዶ ለእናቱ እንዲህ ብሎ አወራ፤ አስተማሪያችን የካዚኖ ዲለር ነው፣ ዕጣ ያወጣል፣ የወጣለት የሁሉንም ይወስዳል። ልጁን አልወቅሰውም፤ ያየውን ነው የተናገረው። እናቱ ለርዕሰ መምህሩ ጻፈች። ትምህርት ቤት ውስጥ ቁማር ይጫወታሉ አለች።

ይህን የምትለው ላስ ቬጋስ ውስጥ ነው። ወተት የምንገዛበት ሱቅ በር ላይ የቁማር ማሽን ተደርድሯል። ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ሻንጣውን ሳያነሣ ማሽን ያያል። መኪናዬን ቤንዚን ስሞላ አጠገቤ አሮጊቶች ማሽን ላይ ተደፍተው ይውላሉ። በዚህ ከተማ ውስጥ ቁማር የተባለው የባለቤቴ ብስኩት ነው።

ስብሰባ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ፣ ከኮሌጁ የመጣው ተቆጣጣሪ፣ የክፍሉ መምህርት፣ ደረጀ። መምህርቷ ዕቅዱን ብትፈርምም ዕጣ መሆኑን እንዳልተረዳች ተናገረች። ደረጀ አስረዳ። አልገባቸውም፤ ወይም ሊገባቸው አልፈለጉም። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ "አንድ ያገሩ ሰው አለን፤ እሱን እንጠይቅ" ብሎ ፍሥሐን አስጠራ።

ደረጀ ፍሥሐ ሲገባ ሲያይ ትከሻው እንደቀለለው ነግሮኛል።

ፍሥሐ ምን አለ? ዕቁብ የሚባለውን ነገር እሱ በቅርብ እንደማያውቀው፣ መደበኛ ያልሆነ የዕድል ጨዋታ ያለበት ልማድ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ተገቢ ነው ብሎ እንደማያምን። ይህን ብሎ ወጣ። ደረጀን አላየውም።

ልምምዱ የዚያኑ ቀን ተቋረጠ። ፋይሉ ውስጥ በክፍል ውስጥ የቁማር እንቅስቃሴ አካሂዷል የሚል ቃል ገባ። በመጪው የትምህርት ዓመት ሌላ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው መጀመር ይችላል ተባለ፤ ቃሉ ግን ይቆያል። ሊቀጥረው ያሰበ ሁሉ ያንን ያነብባል።

ቤት መጥቶ ሱፉን አውልቆ ሰቀለና ሁሉንም እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ ነገረኝ።

"ዕጣህን ለቀህለት ቤት መግዛቱን አልነገርካቸውም?" አልኩት።

"እንዴት ብዬ?"

"በአፍህ።"

"ለሰው ያደረግኩትን ሰው ፊት ቆጥሬ አላውቅም፣ ዜኒ። ያደረግሽውን ካወራሽው እኮ መልሰሽ ወሰድሽው ማለት ነው።"

"እሱስ? እሱ አንተን ሲሸጥህ?"

"ፈርቶ ነው። ሰው ሲፈራ ዘመድ የለውም።"

ይህቺን አባባሉን አሁን ሰዎች እየደጋገሙ ያነሡልኛል። ትዕግሥቱን ያወድሳሉ። እኔ ትዕግሥቱን እጠላዋለሁ። ያኔ ጠረጴዛውን ቢመታ፣ "ይህ ሰው የሚኖርበት ቤት የዕቁብ ቤት ነው" ብሎ ቢጮህ ኖሮ ባለጌ ይሉት ነበር፤ ይበሉት። ባለጌ ሆኖ ሰኔ ላይ ይመረቅ ነበር። በሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ፍሥሐን አግኝቶ ትከሻውን ሳመው። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሲገባ "አየር ማቀዝቀዣውን እንኳ ሳታበሪ" አለኝ። መንገዱን በሙሉ አላናገርኩትም። የአንድ ቀን ኩርፊያ መሰለው። አልነበረም። እሱ ላይ ያለኝ ቁጣ ገና አላለቀም፤ ሞቶ ከእጄ ሊያመልጠኝ አይችልም።

ክረምቱን በሙሉ ካርድ ሲያከፋፍል ቆየ። ነሐሴ ላይ መጋረጃውን ሰቀልን። የቀረውን ነግሬአችኋለሁ።

ለልቅሶው ቤቱ ሞላ። ያሾፉበት ሰዎች ሁሉ መጡና መምህር አሉት። ማሪሶልም ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች፤ የት እንደሚቀመጡ አላወቁም፤ ሕሊና አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። በሦስተኛው ቀን ፍሥሐ ከሚስቱ ጋር ውሃ በካርቶን አሸክሞ ገባ። አለቀሰ፤ እንባው እውነተኛ ነበር፤ አልክድም። ከዚያ ተነሥቶ በማኅበረሰቡ ስም ሁለት ቃል ልናገር አለ።

"ወንድሜ መምህር ደረጀ የትምህርት ጀግና ነበር። በዚህ ዕድሜው ለወጣቱ ሲል..."

እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ባል የሞተባት ሴት ይለቀስላታል እንጂ አትናገርም። ይህን አውቃለሁ።

"አቶ ፍሥሐ" አልኩት። ሁልጊዜ አንተ የምለውን ሰው የዚያን ቀን አንቱ አልኩት። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዕቁብ ምንድን ነው?"

ፍሥሐ ወደኔ ዞረ።

"ምን አልሽ?"

"ዕቁብ። ምን እንደሆነ ለዚህ ሰው ይንገሩልኝ።"

"ዘነበች፣ አሁን እኮ ጊዜው..."

"ስብሰባው ላይ ሲጠየቁ በቅርብ አላውቀውም፣ የዕድል ጨዋታ ነው ብለዋል። እስከ ዛሬ ዐውቀውት እንደሆን ብዬ ነው።"

የዕቁባችን ዳኛ ጋሽ መኮንን አጠገቤ ነበሩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። "ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፤ ተይ።"

"ሐዘን ላይ ስለሆንኩ እኮ ነው፣ ጋሽ መኮንን። ሌላ ቀን ማን ቁጭ ብሎ ያዳምጠኛል?"

ከኩሽና አንዷ "ኧረ በስመ አብ" ስትል ሰማሁ። ፍሥሐ ነጠላውን አስተካከለ፤ ወደ በሩ አየ። "እኔም ልጆች አሉኝ" አለ። ሚስቱ ክንዱን ይዛ አወጣችው። ሰዎቹ ወዲያው ወደ ሹክሹክታቸው ተመለሱ፤ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው ተባባሉ። ሐዘን አናት ላይ አይወጣም። ከዚያን ቀን የበለጠ በሕይወቴ አእምሮዬ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሽ መኮንንና ሌሎች ሁለት፤ ከኋላቸው ፍሥሐ። ነገሩ በመካከላችን እንዳይሻክር ነው አሉ። ፍሥሐ ሳይቀመጥ እግሬ ላይ ወደቀ። ትልቅ ሰው ነው፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት።

"በድያለሁ። ወንድሜን በድያለሁ። ይቅር በይኝ፤ ጉልበትሽን ልሳም።"

"ተነሥ" አልኩት። "ጉልበቴን አትሳም። ጻፍ።"

"ምን ልጻፍ?"

"ዕቁብ ምን እንደሆነ። አንተም አባል እንደሆንክ። ደረጀ ቁማር እንዳላጫወተ። በእንግሊዝኛ፣ በስምህ፣ ለኮሌጁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዘነበች፣ ሰውየው ተንበረከከልሽ እኮ።"

"መንበርከኩን ኮሌጁ አያየውም፣ ጋሽ መኮንን።"

"ይህ በእኛው መካከል የሚያልቅ ነገር ነው፤ ፈረንጅ ጋ ምን ያደርሰዋል?"

"ፈረንጅ ጋ ያደረሰው እሱ ነው።"

ፍሥሐ ከመሬት ተነሥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ያን ብጽፍ ዋሽተሃል ይሉኛል" አለ።

"ዋሽተሃል እኮ።"

"ሥራዬን አጣለሁ፣ ዘነበች።"

"እሱም አጥቶታል።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እስከዚያ ዝም ያሉት፣ "ድንጋይ ይሸከም ብትዪ እናሸክመው ነበር፤ አንቺ ግን የማይሆን ነገር ነው የያዝሽው" ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ። ሄዱ። አሁን በከተማው ውስጥ ይቅር አላልም ያለችው ሴት እኔ ነኝ። ፍሥሐ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ነው።

የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። እርስ በርሳችን ሲሆን ይቅርታ እንችልበታለን። እንባውም፣ ጉልበቱም፣ ድንጋዩም አለ፤ ምርቃቱም ይከተላል። አንድ ገጽ እውነት፣ በአለቃ ፊት በሚነበብ ቋንቋ መጻፍ ግን የማይሆን ነገር ነው። ደረጀን ያዋረዱት በእንግሊዝኛ ነው፤ ይቅርታ የሚጠይቁት በአማርኛ ነው።

ማሪሶል ጻፈች። ገና ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሰች ልጅ ናት። ማንም ሳይጠይቃት ስለ አያቷ ታንዳ፣ ስለ ብስኩቱ፣ ስለ ዋሱ ጽፋ ለኮሌጁ ላከችና ቅጂውን ለሕሊና ሰጠቻት። ኮሌጁ አመሰግናለሁ ብሎ መለሰላት፤ የተማሪ አስተያየት ግን ውሳኔውን እንደማይለውጥ ጨመረበት። ሕሊናም ጽፋለች። ለእሷ ሐዘናቸውን ገልጸው፣ ለአባቷ መታሰቢያ የሚሆን የክብር ወረቀት በፖስታ ሊልኩልን እንደሚፈልጉ ነገሯት። ጥሩ ወፍራም ወረቀት ነው፤ ስሙ በትልቁ ይጻፍበታል።

"አትቀበዪ" አልኳት። "መጀመሪያ ቃሉን ከፋይሉ ያውጡ።"

"እማ፣ አይቀይሩም እኮ። ፖሊሲ ነው። አባባ የለም፤ ፋይሉን ማንም አያየውም።"

"ያለው እዚያ ነው፤ ታየም አልታየም።"

"እማ፣ ፕሊስ። ትታመሚያለሽ።"

ልጄ ጥሩ ልጅ ናት። ግን ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ አታውቅም። አባቴ በመሬት ክርክር የአውራጃው ገዥ ደጅ ላይ ሁለት ክረምት ተቀምጦ ስንቅ እያመላለስን አድገናል። እዚያ የተቀመጠ ሰው አይጮህም፣ አይለምንም። ገዥው ሲገባ ያየዋል፣ ሲወጣ ያየዋል፤ ያ ነው ሥራው።

መጀመሪያ ኮሌጁ ቢሮ የሄድኩ ቀን ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ቀጠሮ እንደሌለኝ ነገረችኝ። የሚመለከተው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው አለች። እቆያለሁ አልኳት። እስከ ማታ ቆየሁ። በሁለተኛው ጊዜ ውሃ ሰጠችኝ። በሦስተኛው ሰውዬው ራሳቸው ብቅ ብለው ሐዘናቸውን ገለጹልኝ፤ ጉዳዩ እንደተዘጋ በትሕትና አስረዱኝ፤ ወደ ቤቴ እንድሄድ መከሩኝ። አመስግኜ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሁን በሌላ በር መውጣት ጀምረዋል።

ሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጥቁሬን ለብሼ እነዳለሁ፣ ኮሌጁ ግቢ መኪናዬን ፓርክ አደርጋለሁ፣ ቢሮው ገብቼ የባለቤቴን ሙሉ ስም እናገራለሁ፣ እቀመጣለሁ። ሲዘጉ እነሣለሁ።